ሞሪስ ማይነር ይዞ ወደ ትርኢት፦ የጠየቃችሁኝና መልሴ

የምኖረው እንግሊዝ አገር ነው። እ.ኤ.አ. የ1965 ሞሪስ ማይነር አለችኝ፤ በየበጋው ወደ አሮጌ መኪኖች ትርኢት ይዣት እሄዳለሁ። ዘንድሮ የራሳችሁን ይዛችሁ ለመውጣት ያሰባችሁ ብዙ ጥያቄ ልካችሁልኛል።

ጥያቄ፦ የእኔዋ የ1968 ናት። ቦሎና ምርመራ ያስፈልጋታል?

መልስ፦ 40 ዓመት ያለፋት መኪና የመንገድ ግብር አትከፍልም። ግን ዝም ብለህ አትቀመጥ፤ ማመልከት አለብህ፣ በየዓመቱም ታድሳለህ። መሠረታዊ ለውጥ ካልተደረገባት ከዓመታዊ ምርመራም ነፃ ናት። እኔ ግን በየዓመቱ አስመረምራታለሁ። ልጆቼ ከኋላ ይቀመጣሉ፤ ሌላ ምክንያት አያስፈልገኝም።

ጥያቄ፦ የትኛውን ቤንዚን ልቅዳ?

መልስ፦ ኢ5 የሚል የተጻፈበትን፤ ኤታኖል የሚባለው አልኮል ከ5 በመቶ አይበልጥበትም። እዚህ ከመስከረም 2021 ወዲህ ተራው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኤታኖል አለው። ኤታኖል ደግሞ የድሮ የጎማ ቱቦ ይበላል። ኢ5 ወደድ ይላል፣ ግን ይሻላል። ጋራዡ ውስጥ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተህ ቱቦው ሳይቀየር እንዳትነሳ።

ጥያቄ፦ ቦታው 80 ማይል ይርቃል። አስጭኜ ልውሰዳት ወይስ ልንዳት?

መልስ፦ ንዳት እንጂ! መኪና ናት። ግን መጀመሪያ ፊቷን በክሪክ አንሳና ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ነቅንቀው። ማይነር አንድ ክፉ አመል አላት። የፊት እግሯን ከታች የሚይዘው ባለ ጥርስ ብሎን ግራሶ ካጣ ይበላል። ከተበላ ደግሞ አንድ ቀን ይለቅና ጎማው ከመኪናዋ ሥር ይተኛል። እኔ ላይ የደረሰው ከመኪና ማቆሚያ ቀስ ብዬ ስወጣ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። በሰዓት 50 ማይል ስነዳ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። ከዚያ ወዲህ ጉዞ ሲኖር ከዋዜማው ግራሶ ሳልሰጣት አላድርም። ፍሬኗም የዛሬ መኪና ፍሬን አይደለም፤ ከፊትህ ካለው ራቅ በል። ሞተርዌዩን፣ ፈጣኑን አውራ ጎዳና፣ ተወውና በገጠሩ መንገድ ሂድ።

ጥያቄ፦ ምን ዕቃ ልያዝ?

መልስ፦ ካንዴላ፣ የዲናሞ ቺንጊያ፣ ፊውዝ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ውሃና የሞተር ዘይት። ሣሩ ላይ ዘይት እንዳይንጠባጠብ ከሥሯ የምታነጥፈው ካርቶንም ያዝ። ባትሪ ካለቀብህና ሰው በኬብል ሊያስነሳህ ከመጣ ቀድመህ አስጠንቅቀው፦ ፋብሪካው እንደሠራት ከሆነች ከቦዲዋ ጋር የታሰረው ፖዘቲቩ ነው፣ የዛሬዎቹ ተቃራኒ። ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ ይታሰር፤ ሁለቱ መኪኖች ግን እንዳይነካኩ።

ጥያቄ፦ የ1956 ናት፤ ከአባቴ የወረስኳት። ቀለሟ ፈዟል፣ በሮቿ ሥርም ዝገት አለ። እዚያ ከሚያብረቀርቁት መሀል ሳቆማት አላፍርም ብለህ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ በፍጹም አታፍሪ። ለውድድር ካልተመዘገብሽ ማንም ነጥብ አይሰጥሽም። ማይነር ከ1948 ጀምሮ የተሠራች፣ ከእንግሊዝ መኪኖች መጀመሪያ አንድ ሚሊዮን የሞላች መኪና ናት። ስለዚህ ትርኢቱ ላይ የሚመጣው ሰው ግማሹ በአንዷ ተሳፍሮ ያደገ ነው። አምና አንዲት አሮጊት ፈቃድ ጠይቀውኝ ከኋላ ወንበር ገቡ። ብዙ ደቂቃ ዝም ብለው ተቀመጡ። ሲወጡ «ሽታው ያው ነው» አሉኝ። ወንበሩን በአዲስ ቆዳ አሳምሬው ቢሆን ኖሮ ያንን ሽታ አያገኙትም ነበር። አንቺም እጠቢያት፣ መስታወቷን ወልውይ፣ ይበቃል። አባትሽ መሪዋን ይዘው የተነሱት ፎቶ ካለሽ ደግሞ ይዘሽ ነይ።

ሌላም አለሽ። የ1956ቷ ፍሬቻ መብራት ብቻ አይደለም፤ ከበሩ ኋላ እንደ ክንድ ብቅ ይላል። ልጆች ያንን ለማየት ይሰለፋሉ። ቁልፉን ራሳቸው ይጫኑት።

ጥያቄ፦ ስንት ሰዓት ልድረስ?

መልስ፦ በሩ እንደተከፈተ። ማታ ግን አትቸኩል። አዘጋጆቹ ውጡ ሳይሉ ሕፃናት በሚሯሯጡበት መሀል ሞተር እንዳታስነሳ።