የአየር መለኪያ ሥራን ለምትረከቡ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

የአካባቢ ጤና ሥራዬን አስረክቤ ጡረታ ከወጣሁ ጥቂት ጊዜ ሆኖኛል፤ ሆኖም በአዲስ አበባ ጎዳና ስሄድ ዐይኔ ዛሬም የሚፈልገው ጣሪያ ላይ የቆመውን የአየር መሳቢያ ቱቦ ነው። ብዙ ሰው ይህ መሣሪያ አየሩን የሚያጸዳ ይመስለዋል። አያጸዳም፤ ይለካል እንጂ። አየሩን በፓምፕ ስቦ ወፍራሙን አቧራ መግቢያው ላይ ያስቀርና ደቃቁን ብናኝ በጥቅል ወረቀት ላይ ያሳርፈዋል፤ ከዚያም በወረቀቱ የሚያልፈው የቤታ ጨረር ምን ያህል እንደደከመ አይቶ የብናኙን ክብደት በየሰዓቱ ያሰላል። ፒኤም 2.5 የምንለው ይህ ብናኝ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጥ፣ ከፀጉር ውፍረት ከሃያ እጥፍ በላይ የሚያንስ ስለሆነ አፍንጫና ጉሮሮ ሳይዙት እስከ ሳንባ ጥልቀት ይዘልቃል፤ መዘዙም ከሳል አልፎ እስከ ልብ ሕመምና ስትሮክ ይደርሳል።

አንድ ስሕተቴን ልንገራችሁ። አንድ ጣቢያ ተክለን ቁጥሩ በየማለዳው 1 ሰዓት ገደማ ሽቅብ ሲወጣ የታክሲና የአውቶቡስ ጭስ ነው ብዬ ሪፖርት ጻፍኩ። ማብራሪያዬ አሳማኝ ነበር፤ ከተማችን ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ስለሆነች አሮጌ ሞተር በሳሳው አየር ነዳጁን አጣርቶ አያቃጥልም፣ በበጋ ማለዳም ቀዝቃዛው አየር ከሞቃቱ ሥር ታፍኖ ጭሱን ይዞ ይቆያል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ታክሲ በማይበዛበት እሑድም ቁጥሩ ያው ነበር። ለካስ ከቱቦው ሥር የጥበቃው አባት ከሰል አቀጣጥለው ሻይ ያፈሉ ኖሯል! የሦስት ወር መረጃችን የሚናገረው ስለ እርሳቸው ምድጃ ነበር። ስለዚህ የጣቢያውን ጎረቤቶች ከመሣሪያው መመሪያ እኩል እወቋቸው። በተቃራኒው ቁጥሩ እንዲያምር ጣቢያውን ዛፍ በበዛበት ግቢ ውስጥ ትከሉ የሚል አለቃ ቢገጥማችሁ፣ ጉልት ቸርቻሪዋ ቀኑን ሙሉ የምትተነፍሰው የመንገዱን ዳር አየር መሆኑን በአክብሮት አስረዱት።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 የፒኤም 2.5ን የዓመት አማካይ ወሰን በሜትር ኪዩብ ከ10 ወደ 5 ማይክሮግራም ዝቅ አድርጎታል፤ የ24 ሰዓቱ ወሰን 15 ነው። የአንድን ማለዳ ቁጥር ከዓመቱ ወሰን ጋር አስተያይቶ ሕዝብን ማስደንገጥም፣ በየደጁ ቆሻሻ የሚነድበትን የኅዳር 12ን ጭስ በዓመቱ አማካይ መሸፈንም፣ በእኔ ዘንድ እኩል ማታለል ነው።

ቁጥራችሁን ከሐኪም ቤቱ ካርድ ክፍል ጋር አገናኙት። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1952 ጭስ የተቀላቀለበት ጭጋግ ለንደንን ለአምስት ቀን ሲያፍናት፣ የጭስ መለኪያው ቁጥርና የሞት መዝገቡ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሁለቱም አብረው ሽቅብ መውጣታቸው ታየ፤ 4,000 ያህል ሰው እንደሞተም ተገመተ፤ የንጹሕ አየር ሕግ ግን የወጣው በ1956 ነው። አስም ያለበትን ልጅ ዛሬ ሜዳ አታውጪው ብላችሁ እናቱን ለመምከር ያ ሁሉ ዓመት አያስፈልጋችሁም፤ የትናንቱና የዛሬው ቁጥር በጊዜ ከጤና ጣቢያው ከደረሰ ይበቃል።

የአሜሪካ ኤምባሲ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በአዲስ አበባ የሚለካውን ቁጥር ለሁሉም ይፋ ያደርግ ነበር፤ እኛም ተጠቅመንበታል። በማርች 2025 ግን የዓለም ዙሪያ ኤምባሲዎቹ መረጃ መሰራጨቱ ሲቆም የሰው መስኮት ስንመለከት መኖራችን ተሰማኝ። የራሳችንን ጣቢያዎች የምትጠብቁት እናንተ ናችሁ። ማጣሪያውን በጊዜው ቀይሩ፤ ልኬቱ መስተካከሉን ያረጋገጣችሁበትን ቀን በመዝገብ ጻፉ፤ መብራት ጠፍቶ መሣሪያው ከቆመም ያንን ሰዓት በግምት አትሙሉት፣ ባዶ ተዉትና ከጎኑ «መብራት ጠፍቶ ነበር» ብላችሁ ጻፉበት።