ለፊልም ትምህርት ቤት የትኛውን ሥራ ልላክ? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሁለት ሥራ አለኝ። አንዱ በጥሩ ካሜራ የተቀረጸ የ18 ደቂቃ ድራማ ነው። ሌላውን በስልኬ ነው የቀረጽኩት፣ 4 ደቂቃ ነው። ጓደኞቼ ሁሉ «ትልቁን ላክ» ይሉኛል። አንተስ ምን ትላለህ?

መልስ፦ መጀመሪያ የትምህርት ቤቱን ገደብ አንብብ። «ከ5 ደቂቃ አይብለጥ» ካለ 18 ደቂቃው ከወዲሁ ከጨዋታ ውጭ ነው። ገደብ ባይኖር እንኳ እኔ ወደ አጭሩ አደላለሁ። ገምጋሚዎች ብዙ ሥራ በተከታታይ ነው የሚያዩት፤ የመጀመሪያው ደቂቃ ካልያዛቸው ጥሩው ትዕይንት 14ኛው ደቂቃ ላይ መኖሩ አይጠቅምህም። ደግሞም የካሜራውን ዋጋ አይደለም የሚመዝኑት። የሚፈልጉት አንተ የወሰንከውን ነገር ነው፤ ካሜራውን ለምን እዚያ እንዳቆምክ፣ ለምን እዚያ ላይ እንደቆረጥክ።

ሁለቱንም እንዲህ ፈትናቸው። አንዴ ድምፁን ዘግተህ እይ። ማን ምን እንደሚፈልግና ምን እንደከለከለው ከምስሉ ብቻ ከገባህ ጥሩ ነው። ቀጥሎ ምስሉን ሳታይ አዳምጥ። ረጅሙ ድራማ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚቆም፣ መነሻና መድረሻ ያለው ትዕይንት ካገኘህ እሱን ብቻ ቆርጠህ መላክ ትችላለህ። ትሬይለር (የፊልም ማስተዋወቂያ ቅንጭብ) ግን አትላክ። ትሬይለር የየትዕይንቱን ፍርፋሪ ስለሚያሳይ ትዕይንት መገንባት መቻልህን ይደብቃል።

ጥያቄ፦ ራሴ ያዘጋጀሁት ፊልም የለኝም። በሰው ፊልሞች ላይ ረዳት ካሜራ ሆኜ ሠርቻለሁ። እነሱን ልላካቸው?

መልስ፦ ለዳይሬክቲንግ (ለፊልም አዘጋጅነት) የምታመለክቺ ከሆነ አይሆንም፣ እህቴ። ፍሬሙን፣ ማለትም ካሜራው የሚያሳየውን ክልል፣ የመረጠው ሌላ ሰው ነው፤ ቃለ መጠይቅ ላይ «ይህን ሾት ለምን እንዲህ አደረግሽው?» ሲሉሽ መልስ ታጫለሽ። የቡድን ሥራ ከላክሽ ድርሻሽን በአንድ መስመር በግልጽ ጻፊ፦ «ኤዲቲንግ ብቻ»፣ «ቀረጻና መብራት»።

የፎቶ ስብስብ የሚቀበሉ ከሆነ ግን በሩ ክፍት ነው። ለምሳሌ በፖላንድ የዉጅ ፊልም ትምህርት ቤት ለሲኒማቶግራፊ (ለካሜራ ሙያ) የሚያመለክቱ ሰዎች ፎቶግራፍ ያቀርባሉ። ቁጥር ካልወሰኑልሽ ከ8 እስከ 12 ፎቶ ይበቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የሚያምሩትን ብቻ ሲሰበስብ ነው፤ የፀሐይ መጥለቂያ፣ የሕፃን ፈገግታ፣ የዝናብ ጠብታ። እያንዳንዳቸው ያምራሉ፣ አብረው ሲቀመጡ ግን ምንም አይሉም። ይልቅ አንድ ሰው የሚጠብቅበትን ሁኔታ አስቢ። አንደኛው ፎቶ ባዶ ወንበር፣ ሁለተኛው ሰዓቱን በእጁ መዳፍ የሸፈነ ሰው፣ ሦስተኛው ከውጭ በመስኮት የታየው ያው ሰው። አሁን ወንበሩን በሌላ ማዕዘን የሚያሳይ አራተኛ ፎቶ ብትጨምሪ አዲስ ነገር ስለማይነግረን ይወጣል። ምንም ቢያምር ይውጣ። ቅደም ተከተሉን ስትቀያይሪ ታሪኩ ካልተለወጠ ስብስቡ ገና አልተሠራም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ስክሪፕት 10 ገጽ ጠይቀዋል። በአማርኛ ነው የጻፍኩት። ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ተቀባዩ በሌላ ቋንቋ የሚያስተምር ከሆነ በዚያው ቋንቋ ተተርጉሞ ይሂድ። «አንድ የስክሪፕት ገጽ የአንድ ደቂቃ ፊልም ነው» የሚባለው ስሌት ኩሪየር በሚባለው ፊደል በ12 መጠን ለሚጻፍ ገጽ የወጣ ነው። ኩሪየር የግዕዝ ፊደል ስለሌለው የአማርኛውን ገጽ በዚያ አትለካው፤ ጮክ ብለህ እያነበብክ በሰዓት ያዘው።

ከፎርማቱ በላይ የሚጥለው ግን የማይቀረጽ ዓረፍተ ነገር ነው። «የአባቱን በደል እያሰበ ልቡ ተሰበረ» የሚለውን ካሜራ አያየውም። «ደብዳቤውን ሳይከፍት አጥፎ ኪሱ ከተተ» የሚለውን ያየዋል።

ጥያቄ፦ ፊልሜ ላይ የታወቀ ዘፈን አለ። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። የቪዲዮ ድረ ገጾች በቅጂ መብት ምክንያት ድምፁን ሊያጠፉብህ ወይም ቪዲዮውን ሊዘጉብህ ይችላሉ። ዘፈኑን አውጥተህ ትዕይንቱን እየው፤ ከወደቀ ስሜቱን የሠራው ዘፈኑ ነበር።

ጥያቄ፦ ምስሌ ጥሩ ነው፣ ንግግሩ ግን ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል። ይስተካከላል?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ አይስተካከልም። ማይኩ ከተናጋሪው በራቀ መጠን ከግድግዳ የሚመለሰው ድምፅ ይበዛል፣ ያንን ደግሞ ሶፍትዌር በንጽሕና አያወጣውም። ትዕይንቱን ድገመው። ሌላ ስልክ እንደ ድምፅ መቅጃ አድርገህ ከፍሬም ውጭ ወደ አፍ አስጠጋው፣ ቀረጻው መጀመሪያ ላይ አንዴ አጨብጭብ፣ በኋላ በዚያች ጭብጨባ ከምስሉ ጋር ታገጣጥመዋለህ። ሲያልቅ ሁሉም ዝም ብሎ የክፍሉን ድምፅ ለ30 ሰከንድ ቅዳ፤ ንግግር ስትቆርጥ ክፍተቱን የምትሞላው በሱ ነው። በኤዲቲንግ ሶፍትዌሩ የድምፅ መለኪያ ላይ ንግግሩ ከዜሮ 12 ዲሲቤል ያህል በታች ይሁን፣ ዜሮን ፈጽሞ አይንካ።

ጥያቄ፦ ልጄ ሥዕል፣ ግጥም፣ አኒሜሽንና ሁለት አጭር ፊልም አለው። ሁሉንም ይላክ?

መልስ፦ እናቴ፣ ሁሉም አይላክ። ደካማው ሥራ ጠንካራውን ይጎትተዋል። የተጠየቀውን ብቻ፣ ምርጫው ለእሱ ከተተወ ደግሞ ቢበዛ ሦስት ሥራ፤ ጠንካራው ይቅደም። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ተሠርቶ ያደረ ነገር አይፈለግም። የፓሪሱ ፊልም ትምህርት ቤት ላ ፌሚስ ተፈታኞች ከተሰጡ ርዕሶች አንዱን መርጠው የራሳቸውን የጥናት ዶሴ እንዲያዘጋጁ ይጠይቃል። ስለዚህ ልጅዎ መመሪያውን ቃል በቃል ያንብብ፤ እርስዎ አይምረጡለት፣ በቃለ መጠይቅ የሚከራከርለት እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ፋይሉን እንዴት ላዘጋጅ?

መልስ፦ ሌላ ካላዘዙ የፋይሉ ዓይነት ኤምፒ4፣ የቪዲዮው መጭመቂያ ኤች.264፣ የምስሉ መጠን 1920 በ1080 ይሁን፣ በተቀረጸበት የፍሬም ፍጥነት (በሰከንድ በሚያልፉት ምስሎች ብዛት)። በ25 የቀረጽከውን በ30 ብታወጣው እንቅስቃሴው ይንገጫገጫል። መግቢያ ላይ ያለውን የ20 ሰከንድ ሎጎ አውጣው። ሰብታይትሉ ምስሉ ላይ የታተመ፣ ከሁለት መስመር ያልበለጠ ይሁን። ሊንኩን በራስህ አካውንት አትፈትሽ፣ ለአንተ ሁልጊዜ ይከፈታል፤ ከአካውንትህ ወጥተህ በሌላ ስልክ ሞክረው። ሊንኩ ፓስዎርድ ካለው፣ ማመልከቻህን ካስገባህ በኋላ ውጤት እስኪወጣ ድረስ ፓስዎርዱን አትቀይረው።