ሠላሳ ስድስቱን እንጀራ ማን በላው?

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣

የምጽፍልዎ ስለ አንድ መጽሐፍ ነው። «ኤራጎን» ይባላል፤ ክሪስቶፈር ፓኦሊኒ የሚባል አሜሪካዊ የጻፈው፣ 500 ገጽ ገደማ የሆነ የዘንዶ ልብ ወለድ። የ14 ዓመቷ የእህቴ ልጅ በእንግሊዝኛ አራት ጊዜ አንብባዋለች። እኔ አንዴ አንብቤው አንገፈገፈኝ።

ታሪኩን በአጭሩ ልንገርዎ፤ የሚያውቁት ከመሰለዎት ጥፋቱ የእኔ አይደለም። አጎቱ የሚያሳድገው የ15 ዓመት የገበሬ ልጅ አለ። ተራራ ላይ ለአደን ወጥቶ ሰማያዊ ድንጋይ ያገኛል፤ ድንጋዩ እንቁላል ኖሮ ሳፊራ የምትባል ዘንዶ ትፈለፈልበታለች። የንጉሡ ነፍሰ ገዳዮች ይመጣሉ፤ አጎት ይሞታል። ብሮም የሚባል የመንደሩ ተረት ነጋሪ ሽማግሌ ደግሞ ስመ ጥር ተዋጊ የነበረ ሰው ሆኖ ይገኛል፤ ልጁን ሰይፍ ያስታጥቀዋል፣ ያስተምረዋል፣ መንገድ ላይ ይሞታል። የታሰረች ልዕልት አለች። ክፉ ንጉሥ አለ። የተሸሸጉ ዐመፀኞች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው «ስታር ዋርስ» ፊልም ይህንኑ በጠፈር መርከብ አላየነውም? የተረፈው «የቀለበቶቹ ጌታ»ን ከጻፈው ከቶልኪን የተለቀመ ነው፤ ኤልፎቹም ድንኮቹም፣ የስሞቹ ድምፅ ሳይቀር። የጀግናው ስም ራሱ «ድራጎን» ነው፤ በእነሱም በእኛም ፊደል አንዲት ሆሄ ብቻ ተቀይራ።

ልጁ ማንበብ አይችልም ነበር፤ ቲርም የምትባል ከተማ ሲደርስ በጥቂት ቀናት ይማራል። ሰይፍ ደግሞ በጥቂት ወራት። ደራሲው ምዕራፍ መዝጋት ሲቸግረው ጀግናው ራሱን ይስታል። ስንት ጊዜ እንደሚስት መቁጠር ትቻለሁ። ስንፍና ነው እላለሁ።

ይህን ሁሉ የማነሣው ልጅቷ ራሷ መጻፍ ስለ ጀመረች ነው። በአማርኛ፣ በእጅ ጽሑፍ፣ አንድ ወፍራም ደብተር ሞልታለች። ያው የሚበር ዘንዶ፣ ያው ወላጅ የሌላት ልጅ፤ አጎትየው ገጽ 9 ላይ ይሞታል። የእኛ ዘንዶ እንደሚያውቁት የቅዱስ ጊዮርጊስ ጦር ያረፈበት እንጂ ኮርቻ የሚጫንበት አይደለም። ምዕራፍ 6 ላይ ጀግናዋ በድግምት የአሥራ ሁለት ወታደሮችን ቁስል በአንድ ሌሊት ትዘጋለች፤ በማግስቱ እንደ ሚዳቋ ትሮጣለች። ከደብተሩ ጀርባ ደግሞ «እሳት ማንደድ፦ አንድ እንጀራ። ባልዲ ውኃ ከጉድጓድ ማውጣት፦ ግማሽ እንጀራ። ቁስል መዝጋት፦ ሦስት እንጀራ» የሚል ሠንጠረዥ አለ። ልጅነት ነው፣ አልፌዋለሁ።

አንብብልኝ ብላ ከሰጠችኝ ሦስት ሳምንት ሆነ። እስከ ገጽ 20 ድረስ ከሌላ የተወሰደውን ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩበትና ተውኩት። እስካሁን አልመለስኩላትም። ኮርጀሻል ብዬ እውነቱን ልንገራት ወይስ «ጎበዝ» ብዬ ልለፈው?

አንባቢዎ፣ ከአዲስ አበባ

———

ወንድሜ፣

መኮረጁ እውነት ነው፤ መጽሐፉ ከወጣ ጀምሮ ሲባል የኖረ ነገር ስለሆነ አልከራከርህም። «ልጅነት ነው» ብለህ ባለፍከው ሠንጠረዥ ላይ ግን አልለቅህም። የመጽሐፉ ምርጥ ሐሳብ እዚያ ሠንጠረዥ ውስጥ ነው ያለው። አራቴ ያነበበችው አገኘችው፤ አንዴ ያነበብከው አመለጠህ።

ያዙአክ በምትባለው መንደር የሆነውን መለስ ብለህ እይ። ኤራጎን ፍላጻ ሲያስፈነጥር «ብሪሲንገር» ይላል፤ ድግምት በሚደገምበት በመጽሐፉ «ጥንታዊ ቋንቋ» እሳት ማለት ነው። ጠላቶቹ ይወድቃሉ፤ እሱም ጉልበቱ ይከዳዋል። በኋላ ብሮም ሕጉን ያስረዳዋል፤ በድግምት የሚሠራ ሥራ በእጅ ቢሠራ የሚፈጀውን ያህል ጉልበት ይፈጃል፤ ጉልበትህ ከማይችለው ነገር ጋር ከታገልክ ትሞታለህ። አንተ ስንፍና ያልከው ራስን መሳት፣ ሁልጊዜ ባይሆንም፣ እዚህ ላይ የተከፈለ ዋጋ ነው። ብዙ የአስማት ልብ ወለድ የሚወድቀው ይህን ሒሳብ ባለመያዙ ነው፤ ጀግናው ሁሉን የሚችል ከሆነ የሚያስፈራ ነገር አይኖርም።

ሕጉ ግን ቀዳዳ አለው፤ ቀዳዳውን ማወቅ ልጅቷን ለመርዳት ይጠቅምሃል። ዋጋው የሚለካው በሥራው ክብደት ከሆነ፣ ሰው ጭንቅላት ውስጥ አንዲት የደም ሥር መቆንጠጥ ስንት ያስወጣል? ምንም ያህል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው ሁለተኛ መጽሐፍ ኤራጎን አሥራ ሁለት የሞት ቃላት ሲማር፣ አንድ ድግምተኛ ሠራዊት የሚጨርስበት መንገድ ተከፈተ። ፓኦሊኒ ቀዳዳውን የደፈነው ድግምተኞች ወታደሮቻቸውን አስቀድመው በመከላከያ ድግምት እንዲከልሉ በማድረግ ነው። ሌላው ጥያቄ ጉልበት ከየት ይመጣል የሚለው ነው። ከዘንዶዋ ይበደራል፤ በከበሩ ድንጋዮች ውስጥ ያጠራቅማል፤ ንጉሡ ጋልባቶሪክስ ያን ሁሉ ኃይል ከየት እንዳመጣው ግን የሚገለጠው እ.ኤ.አ. በ2008 በሦስተኛው መጽሐፍ ነው፤ ዘንዶዎች ነፍስና ጉልበታቸውን ከሚያኖሩበት «የልብ ልብ»፣ ከኤልዱናሪ። ሦስት መጽሐፍ ሙሉ አንዲት ሕግ ሲያክም ኖረ። የእህትህ ልጅም በሽታው ይዟታል፤ ጥሩ በሽታ ነው።

አሁን ምዕራፍ 6ን በራሷ ዋጋ አስላው። አንድ ቁስል ሦስት እንጀራ፤ አሥራ ሁለት ቁስለኛ ሠላሳ ስድስት እንጀራ። በአንድ ሌሊት! በማግስቱ እንደ ሚዳቋ ስለ መሮጧ ያነሣኸው ነገር ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ግን እንደ ፌዝ አልፈኸው ሄድክ። ለጸሐፊዋ ልትሰጣት የምትችለው ትልቁ ነገር እሱ ነበር።

በአማርኛ መጻፏንም በአንዲት ቃል ነው ያለፍከው። ከፓኦሊኒ ተረቶች ሁሉ የተሻለው የቱ ነው ብትለኝ የኤልቫን እጠራልሃለሁ። ኤራጎን በመጀመሪያው መጽሐፍ መጨረሻ አካባቢ ኤልቫ የተባለችውን ሕፃን በጥንታዊው ቋንቋ ይመርቃል። ሊል የፈለገው «ከክፉ የተጠበቅሽ ሁኚ» ነው። የቃሉን መጨረሻ በአንዲት ፊደል ስቶ «ከክፉ ጠባቂ ሁኚ» አላት። በሁለተኛው መጽሐፍ ያቺ ሕፃን ያለ ዕድሜዋ አድጋ፣ የሰዉን ሁሉ ሕመም ቀድማ እየተሰማት፣ ጋሻ እንድትሆን እየተገደደች እናገኛታለን። የሰዋስው ስሕተት ሕይወት ሲያበላሽ!

ለዚህ ነገር አማርኛ ከፓኦሊኒ የፈጠራ ቋንቋ ይበልጥ ተንኮለኛ ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። «ዘንዶው ይበላል» ብለህ ወረቀት ላይ ጻፍ፤ አላልተህ ብታነበው ዘንዶው በላተኛ ነው፣ አጥብቀህ ብታነበው ዘንዶው ራሱ ምግብ ነው። ከብራና ላይ ድግምት የምታነብ፣ የአስተማሪዋን ድምፅ ግን ሰምታ የማታውቅ ልጅ ምን እንደሚደርስባት አስበው። ይህን ለእህትህ ልጅ እንደ ትእዛዝ አትስጣት፤ ዓረፍተ ነገሩን ብቻ ጽፈህ «እንዴት ታነቢዋለሽ?» በላት።

ስለ ዘንዶ ያልከው ግማሽ እውነት ነው። ጊዮርጊስ አለ፤ አቡነ አረጋዊም አሉ። ደብረ ዳሞ ላይ የወጡት በዘንዶ ነው፤ ሥዕላቸውም ከዘንዶው ጋር ይሳላል። ስለዚህ ሰው የሚያወጣ ዘንዶ ከፓኦሊኒ አገር፣ ከአሜሪካዋ ሞንታና ብቻ የመጣ አይደለም።

ሞንታና ካልኩ አይቀር፣ ፓኦሊኒ መጽሐፉን እዚያ ሲጀምር 15 ዓመቱ ነበር። ትምህርቱን ቤት ውስጥ ተከታትሎ የጨረሰ ልጅ ነው። አንድ ዓመት ጻፈው፤ ሌላ ዓመት መልሶ ጻፈው፤ ከዚያ ለወላጆቹ ሰጠ። ወላጆቹ አንብበው እ.ኤ.አ. በ2002 በቤተሰቡ ድርጅት አሳተሙለት፤ እሱም የመካከለኛው ዘመን ልብስ ለብሶ በየትምህርት ቤቱና በየቤተ መጻሕፍቱ እየዞረ ሸጠው። ሌላው ደራሲ ካርል ሃያሰን በእንጀራ ልጁ በኩል አግኝቶት ለአሳታሚዎቹ ጠቆመና ኖፍ የተባለው ማተሚያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 እንደገና አወጣው። ይህን ያነሣሁት የእህትህ ልጅ ሚሊዮን ትሸጣለች ብዬ አይደለም። ወላጆቹ የተሰጣቸውን አነበቡ። አንተ ሦስት ሳምንት ዝም አልክ። ለ14 ዓመት ልጅ የሦስት ሳምንት ዝምታ መልስ ነው፤ ከ«ኮርጀሻል»ም ይከፋል።

ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ! በእጅ የተጻፈ ደብተር ሌላ ቅጂ የለውም፤ የሠራኸው ከዋናው ላይ ነው። ዛሬውኑ ደብተሩን ከነጀርባው ፎቶ ኮፒ አስነሣ። ዋናውን ስትመልስላት እስከ ገጽ 20 ያሰመርከው አንተ እንደሆንክና ጥፋት እንደሆነ ንገራት፤ ራሷ ገልጣ እንዳታገኘው። ቅጂው አንተ ጋ ይቅር።

ከዚያ ከገጽ 21 እስከ መጨረሻው ምንም ሳትይዝ አንብብ። እስክሪብቶ በእጅህ ካለ ታርማለህ እንጂ አታነብም። ስትጨርስ በግማሽ ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ብቻ በእርሳስ ጻፍ። አንደኛው ማቆም ያቃተህ ገጽ፤ የግድ አንድ ይኖራል፣ ከሌለህ ደግመህ አንብብ። ሁለተኛው ማን ማን እንደሆነ ጠፍቶህ ወደ ኋላ የተመለስክበት ገጽ። ሦስተኛው የምዕራፍ 6 ሒሳብ። ፊደል አትልቀም፤ «ሀ» እና «ሐ» የሚስተካከሉት ታሪኩ ከቆመ በኋላ ነው። አሁን ብትለቅምባት ነገ የምትጽፈው የማትሳሳትበትን ብቻ ይሆናል።

ኩረጃውን መንካትህ ካልቀረ በክስ ሳይሆን በጥያቄ ንካው፤ «አጎትየው ባይሞት ምን ይበላሽ ነበር?» በላት። ምንም አይበላሽም ካለች ከፓኦሊኒ የተረፈ ዕቃ ነውና ራሷ ትጥለዋለች። ታሪኩ ይፈርሳል ካለች ሞቱ የራሷ ሆኗል፣ ተወው። አንተም አጎት ስለሆንክ ገጽ 9ን በግል አትያዘው፤ በእንዲህ ዓይነት መጽሐፍ የአጎት ዕድሜ አጭር ነው።

ወረቀቱን ስትሰጣት ሁለቱን ነጥቦች ታንብብ፤ ሦስተኛውን በቃልህ ጠይቃት። «ሠላሳ ስድስቱን እንጀራ ማን በላው?» መልሱን እዚያው እንድትነግርህ አትጠብቅ፤ ምዕራፍ 6ን መልሳ ጽፋ ታምጣልህ።