የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ላልጠየቅነው የማስታወቂያ ኢሜይል ሕጉ ምን ይላል?

በዚህ እትም የምንመልሳቸው አራት ጥያቄዎች ሁሉም ስለ አይፈለጌ የማስታወቂያ መልእክት (ስፓም) ናቸው። መልሱ እንደ ጠያቂው መኖሪያ ስለሚለያይ ከየጥያቄው ጎን የከተማውን ስም ጽፈናል። ከኢትዮጵያው አዋጅ ቁጥር በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ አድራሻዬን ሰጥቼው የማላውቅ የዕቃ መሸጫ ድርጅት በቀን ሦስት አራት ማስታወቂያ ይልክልኛል። ይህን የሚከለክል የፌዴራል ሕግ አለ ሲባል ሰምቻለሁ። ከስሼ ካሳ ማግኘት እችላለሁ?

መልስ፦ ሕጉ አለ፤ ነገር ግን ሳያስፈቅዱ መላክን አይከለክልም። ካን-ስፓም የሚባለው ይህ ሕግ በዲሴምበር 16፣ 2003 ተፈርሞ ከጃንዋሪ 1፣ 2004 ጀምሮ ጸንቷል። የሚከለክለው መዋሸትንና የተቀባዩን እምቢታ አለመስማትን ነው። ላኪው ማንነቱን መደበቅ ወይም በርዕሱ ማታለል አይችልም። መልእክቱ ማስታወቂያ መሆኑን መግለጽ፣ ትክክለኛ የፖስታ አድራሻውን ማስፈርና ከዝርዝሩ መውጫ መንገድ ማስቀመጥ አለበት። መውጫው መልእክቱ ከተላከ በኋላ ቢያንስ ለ30 ቀን መሥራት አለበት፤ ልውጣ ካሉ ደግሞ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ሊያወጣዎት ይገባል። ለመውጣት ገንዘብ ማስከፈል ወይም ከኢሜይል አድራሻ ያለፈ የግል መረጃ መጠየቅ አይፈቀድለትም።

በዚህ ሕግ መክሰስ የሚችሉት የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንን የመሳሰሉ የመንግሥት አካላት፣ የየስቴቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ እና በስፓሙ የተጎዳ የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪ ናቸው። እርስዎ እንደ ተቀባይ አይችሉም። በዋሽንግተን ስቴት አንድ ሰው የራሱን ዶሜይን (የኢንተርኔት አድራሻ ስም) ከፍቶ፣ ስፓም እየሰበሰበ፣ “እኔም አገልግሎት ሰጪ ነኝ” በማለት ቨርቹመንዶ የተባለውን የማስታወቂያ ድርጅት ከሶ ነበር። ተሸነፈ፤ ከ110 ሺህ ዶላር በላይ የጠበቃ ወጪም እንዲከፍል ተፈረደበት። የዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤትም በ2009 የከሳሹን ይግባኝ አልተቀበለም። ክስን መተዳደሪያ ለማድረግ ለሚያስቡ ይህ ፍርድ በቂ ማስጠንቀቂያ ነው።

ሕጉ ለምን እንዲህ ላላ? ካሊፎርኒያ በ2003 መገባደጃ ላይ ያለ ቅድሚያ ፈቃድ የማስታወቂያ ኢሜይል መላክን ጭራሽ የሚከለክል፣ ተቀባዩም በእያንዳንዱ ኢሜይል እስከ 1,000 ዶላር እንዲጠይቅ የሚፈቅድ ሕግ አጽድቃ ነበር። ሥራ ላይ ሊውል የነበረውም በጃንዋሪ 1፣ 2004 ነው። በዚያው ቀን የጸናው የፌዴራል ሕግ ክልከላውን ሻረው፤ ለስቴቶች የተወላቸው ውሸትንና ማታለልን የሚመለከተው ክፍል ብቻ ነው። በእኛ እምነት ይህ ለላኪዎች ያደላ ውሳኔ ነበር። አንዴ ሳይጠየቁ የገቡበትን ዝርዝር እየፈለጉ የመውጣቱ ድካም ሁሉ በተቀባዩ ላይ ወድቋል።

ለእርስዎ የቀረው በር የሜሪላንድ ሕግ ነው። ርዕሱ ሐሰት ከሆነ ወይም የላኪው ማንነት ከተጭበረበረ ተቀባዩ በመልእክት 500 ዶላር መጠየቅ ይችላል። መልእክቶቹ እውነተኛ ሆነው ብዛታቸው ብቻ ከሆነ ያስመረረዎት ግን የመውጫውን ማስፈንጠሪያ ይጫኑ፣ ቀኑን ይመዝግቡ። ከ10 የሥራ ቀን በኋላም ካላቆሙ ለንግድ ኮሚሽኑና ለሜሪላንድ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አቤቱታ ያስገቡ። ኮሚሽኑ ዝም የሚል አካል አይደለም፤ በ2024 ቨርካዳ የተባለውን የካሜራ ድርጅት በዚሁ ሕግ 2.95 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሏል።

ጥያቄ (ሲያትል፣ ዋሽንግተን)፦ አንድ የልብስ መደብር “ቅናሹ ዛሬ ያበቃል” ብሎ ይጽፍልኛል፤ በማግስቱ ያው ቅናሽ ይቀጥላል። ይህ ያስከስሳል? ማስረጃውንስ እንዴት ልያዝ?

መልስ፦ እርስዎ ባሉበት ስቴት ሊያስከስስ ይችላል። የዋሽንግተን የንግድ ኢሜይል ሕግ በ1998 የወጣ ሲሆን ለተቀባዩ በመልእክት 500 ዶላር ይፈቅዳል። ክርክሩ የነበረው “አሳሳች ርዕስ” የሚለው አነጋገር ምን ያህል ይሰፋል የሚል ነው፦ ማስታወቂያነቱን የሚደብቀውን ብቻ ነው ወይስ ማንኛውንም ሐሰት? የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኤፕሪል 2025 ኦልድ ኔቪ በተባለው የልብስ መደብር ጉዳይ በ5 ለ4 ድምፅ ማንኛውንም ሐሰት ይመለከታል ብሎ ወሰነ። “የዓመቱ ምርጥ ቅናሽ” ዓይነቱ የገበያ ውዳሴ አያስከስስም። “ዛሬ ያበቃል” ግን እውነት ወይም ሐሰት መሆኑ ሊረጋገጥ የሚችል ነገር ነው።

ማስረጃ አያያዙ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የመጀመሪያው ስሕተት ኢሜይሉን ለጓደኛ ወይም ለጠበቃ ፎርዋርድ አድርጎ ዋናውን ማጥፋት ነው። ፎርዋርድ የተደረገው ቅጂ መልእክቱ በየትኞቹ ሰርቨሮች እንዳለፈና ከየት እንደተነሣ የሚያሳዩትን የተደበቁ መስመሮች አይዝም። በጂሜይል ኢሜይሉን ከፍተው በስተቀኝ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ይጫኑ፤ “ሾው ኦሪጅናል” የሚለውን መርጠው ሙሉውን ፋይል ያውርዱ። ስክሪንሾት ለብቻው ደካማ ነው፤ ለአንባቢ እንዲቀል ግን አብሮ ቢቀመጥ ጥሩ ነው።

አንድ ኢሜይል ብቻውን ሐሰትን አያሳይም። “ዛሬ ያበቃል” ያለውን ከማግስቱ ኢሜይል ጋር ያጣምሩት፤ በማግስቱ የመደብሩን ድረ ገጽ ቀኑና ዋጋው እንዲታይ አድርገው ያስቀምጡ። የቅናሹ መጠን ወይም የሚመለከተው ዕቃ ከተለወጠ ተከሳሹ “ይህ ሌላ ቅናሽ ነው” ብሎ ስለሚከራከር፣ መቶኛውንና የዕቃውን ዓይነት በጥንቃቄ ያመሳክሩ። ቀጥሎ፣ ላኪው የዋሽንግተን ነዋሪ መሆንዎን ማወቁን ወይም ማወቅ ይገባው እንደነበር ማሳየት ያስፈልጋል። የሲያትል አድራሻዎ ያለበት የዕቃ ማድረሻ ደረሰኝ ለዚህ ይጠቅማል። የገቡበትን የደንበኝነት ውልም ያንብቡ፤ ክርክሩ በግልግል ዳኛ ብቻ ይታያል የሚል አንቀጽ ካለበት የፍርድ ቤቱ መንገድ ሊዘጋብዎት ይችላል። ውሉ የማያግድዎት ከሆነ ግለሰብ በአነስተኛ ክሶች ፍርድ ቤት እስከ 10,000 ዶላር መጠየቅ ይችላል።

ነጋዴዎቹ የሚያቀርቡት መከራከሪያ ሊናቅ አይገባም። ሳንቲም ያልጎደለበት ሰው በአንድ ኢሜይል 500 ዶላር መቀበሉ፣ በመቶ ሺዎች ሲባዛም ድርጅት ማፍረሱ ሚዛናዊ አይደለም ይላሉ። እኛ ግን ክፍያውን የምናየው ለውሸት እንደተቆረጠ ዋጋ አድርገን ነው። “ዛሬ ያበቃል” ብሎ ሰውን አዋክቦ መሸጥ የሚያዋጣው ሐሰቱ ምንም እስካላስከፈለ ድረስ ነው፤ ትክክለኛውን ቀን መጻፍ ደግሞ ለማንም ነጋዴ ወጪ የለውም።

ጥያቄ (ነታንያ፣ እስራኤል)፦ በኢሜይልም በስልክ መልእክትም ማስታወቂያ ይመጣብኛል። እዚህ አገር መክሰስ ይቻላል?

መልስ፦ አዎ፤ ከአሜሪካ በጣም ይሻላል። ከዲሴምበር 2008 ጀምሮ የጸናው የቴሌኮሙኒኬሽን ሕጉ አንቀጽ 30ሀ ኢሜይልን፣ የስልክ አጭር መልእክትን፣ ፋክስንና በመሣሪያ የሚደወል ጥሪን በአንድ ላይ ይገዛል። አስቀድሞ ግልጽ ፈቃድ ያስፈልጋል። የኢሜይሉ ርዕስ “ፒርሶሜት” (በዕብራይስጥ ማስታወቂያ) በሚለው ቃል መጀመር አለበት። ፍርድ ቤት ጉዳትዎን እንዲያስረዱ ሳይጠይቅ በመልእክት እስከ 1,000 ሼቄል ሊፈርድልዎት ይችላል፤ ጉዳዩም በአነስተኛ ክሶች ፍርድ ቤት ያለ ጠበቃ ይታያል።

ክሱን ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው የሱቅ የአባልነት ካርድ ሲወጣ የተፈረመ ቅጽ ነው። ከመክሰስዎ በፊት ድርጅቱ ፈቃድ ሰጥተውኛል የሚለው በምን እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁት። ከዚያው ድርጅት ዕቃ ገዝተው ከነበረና ያኔ እምቢ ለማለት ዕድል ሰጥቶዎት ከሆነ፣ ስለ ተመሳሳይ ዕቃ መላክ ይችላል። “ሀሴር” (አውጣኝ) ብለው ከመለሱለት በኋላ የመጣ መልእክት ግን ጠንካራው ማስረጃዎ ነው።

ጥያቄ (አዲስ አበባ)፦ የአስጎብኚ ድርጅት አለኝ። የ4,000 የውጭ አገር ሰዎች ኢሜይል የያዘ ዝርዝር ሊሸጡልኝ ነው። ልግዛ?

መልስ፦ አይግዙ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 15 ያለ ተቀባዩ ቅድሚያ ስምምነት ለሽያጭ ወይም ለማስታወቂያ ኢሜይል ማሰራጨትን እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራትና እስከ 30,000 ብር መቀጮ ያስቀጣል፤ ከባድ በሆነ ጊዜ እስራቱ እስከ 5 ዓመት፣ መቀጮው እስከ 50,000 ብር ይደርሳል። ቅድሚያ ስምምነት ካለ፣ እንዲሁም ማስታወቂያው የላኪውን ትክክለኛ ማንነትና አድራሻ፣ ቀላል መውጫም ሲይዝ ከቅጣት ነፃ የሚሆንበት ንዑስ አንቀጽ አለው። ከእነዚህ በአንዱ አይተማመኑ፤ ሁሉንም አብረው ያሟሉ። ተቀባዮቹ ደግሞ የየአገራቸው ሕግ አላቸው፤ የካናዳው ለድርጅት እስከ 10 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር መቀጮ አለው።

ከሕጉ በፊት የሚይዝዎት ጂሜይል ነው። ከላኪዎች የሚፈልገው የስፓም አቤቱታ ከ0.3 በመቶ እንዳይደርስ ነው። ከ4,000 ተቀባዮች 12ቱ “ስፓም” የሚለውን ከተጫኑ ገደቡ ላይ ደርሰዋል፤ ከዚያ በኋላ ለእውነተኛ ደንበኛዎ የሚልኩት የዋጋ መግለጫ ሳይቀር ወደ ስፓም ሣጥን ይገባል። በተሸጡ ዝርዝሮች ውስጥ ደግሞ ማንም የማይጠቀምባቸው፣ ስፓም ላኪን ለማጥመድ ብቻ የተቀመጡ አድራሻዎች ይኖራሉ።

ከራስዎ ደንበኞች ይጀምሩ። በድርጅትዎ ዶሜይን ይላኩ፤ ባለሙያ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም እና ዲማርክ የተባሉትን የላኪ ማረጋገጫዎች ያስተካክልልዎት። ለእያንዳንዱ አድራሻ መቼና በምን መንገድ ፈቃድ እንደተሰጠ በአንድ ዓምድ ይመዝግቡ። የካናዳ ነዋሪዎችን ለይተው ይያዙ፦ ግልጽ ፈቃድ ያልሰጠ፣ ነገር ግን አገልግሎት የገዛ ደንበኛ ለ2 ዓመት፣ ዋጋ ብቻ የጠየቀ ደግሞ ለ6 ወር እንደ ፈቀደ ይቆጠራል። ጊዜው ሲያልፍ አድራሻውን ከዝርዝሩ ያውጡ።