ጥሩር ወይስ ጋሻ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። በቻይና ሺያን ከተማ አጠገብ ከመሬት ስለወጡት የሸክላ ወታደሮች አንድ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ደረታቸውንና ትከሻቸውን የሸፈነውን ነገር «ጋሻ» ብዬው ነበር። ጓደኛዬ ረቂቁን አይቶ «ጋሻ ይለበሳል እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። እሱ «የብረት ልብስ» በለው ይላል። እህቴ ደግሞ «ጥሩር» የሚል ቃል ከመጽሐፍ ቅዱስ አወጣችልኝ። ቃሉ ግን የጎልያድ ዘመን ሆነብኝ። የቱን ልያዝ?

መልስ፦ ለእህትዎ ፈርጃለሁ። ጓደኛዎ መሳቁ ልክ ነው፤ ያመጣው ምትክ ግን አይሆንም።

ከግሱ እንነሳ። በአማርኛ የጦር ዕቃ ሁሉ የራሱ ግስ አለው። ሰይፍ ይታጠቁታል። ራስ ቁር ይደፉታል። ጋሻ ይይዙታል፣ ይመክቱበታል። ጥሩር ይለበሳል። ስሙ ሲጠፋብዎ ሰውየው ዕቃውን ምን እንዳደረገው ይጠይቁ፤ ግሱ መንገድ ያሳይዎታል።

«ይህ የመምህራን ጣጣ ነው፣ አንባቢ እንደሆነ ይገባዋል» ሊሉኝ ይችላሉ። ቻይና ውስጥ ግን ነገሩ የአንገት ጉዳይ ነበር። በቻይንኛ የሚለበሰው «ጂያ» ነው፤ የሚያዘው «ዱን»። በ653 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የወጣው የታንግ ሥርወ መንግሥት ሕግ ሁለቱን ለይቶ አስቀምጧል። ተራ ሰው ቀስት፣ ጎራዴ፣ አጭር ጦርና ጋሻ ቤቱ ቢያኖር ማንም አይነካውም። አንድ ጂያ ከተገኘበት ግን 2,000 ሊ ርቆ ይጋዛል። ሊ የእነሱ የርቀት መለኪያ ነው። ሦስት ከተገኘበት በገመድ ታንቆ ይሞታል። እንግዲህ «ጂያ»ን «ጋሻ» ብለን ብንተረጉም፣ ሕጉ የፈቀደውን ዕቃ የያዘውን ምስኪን በአማርኛ አነቅነው ማለት ነው።

ለምን ጥሩር ላይ ከረረ? በጎራዴ ሌባም ይባረርበታል። ጥሩርን ግን ለጦርነት ካልሆነ ማንም አይለብሰውም። ጥሩር ያከማቸ ሰው ሠራዊት ሊያቆም አስቧል ተብሎ ይጠረጠራል።

ይህ ፍርሃት ከታንግ ብዙ የቆየ ነው። ዡ ያፉ የሚባል የሃን ዘመን የጦር አዛዥ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ154 የሰባቱን ግዛቶች ዐመፅ ደምስሶ ዙፋኑን ያተረፈ ሰው ነው። ሲያረጅ ልጁ ለአባቱ ቀብር ብሎ 500 ጥሩርና ጋሻ ገዛ። ዕቃውን ያጓጓዙት ሠራተኞች ክፍያቸውን ቢከለከሉ ሄደው ከሰሱ። ሽማግሌው «ለመቃብር የተገዛ ነው» ቢል፣ መርማሪው «በምድር ላይ ባታምፅ እንኳ ከምድር በታች ልታምፅ ነዋ!» አለው። ዡ ያፉ አምስት ቀን እህል ሳይቀምስ ደም ተፍቶ ሞተ። ልብ ይበሉ፣ ጥሩርና ጋሻ እዚህ ጎን ለጎን ናቸው። እርስዎ ይህን ሲተረጉሙ «500 ጋሻና ጋሻ» ሊሉ ነው?

ወደ «የብረት ልብስ» ልምጣ። ችግሩ ብረቱ ነው። የታንግ ሕግ ማብራሪያ ራሱ «ጂያ» ሲል የቆዳውንም የብረቱንም ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ለረጅም ዘመን ዋናው ቆዳ ነበር። በሁቤይ ግዛት በ1978 ከተቆፈረው የዜንግ መስፍን ዪ መቃብር የወጣው ጥሩር ቀለም የተቀባ ቆዳ ነው። «ካኦ ጎንግ ጂ» የተባለው ጥንታዊ የእጅ ሙያ መጽሐፍ የአውራሪስ ቆዳ ጥሩር 100 ዓመት ያገለግላል ይላል። አመራረጡንም ያስተምራል፦ ክሩ የሚገባባትን ቀዳዳ ተመልከት፣ ጠባብ ትሁን፤ ጠቅልለህ ከረጢት ውስጥ ክተተው፣ ቦታ አይፍጅ። ገበያ ላይ ጫማ አገላብጦ የሚያይ ሰው ነው የሚመስለኝ። በ9ኛው መቶ ዘመን ሹ ሻንግ የሚባል ሹም ደግሞ ለ1,000 ወታደሮቹ ከታጠፈ ወረቀት ጥሩር አሠራላቸው፤ ብርቱ ፍላጻ እንኳ አልበሳውም ተብሎ ተጽፏል። «የወረቀት የብረት ልብስ» አይባል ነገር።

ድንጋይም አለ። በ1998 ከቀዳማዊው ንጉሠ ነገሥት ከቺን ሺ ኋንግ መቃብር አጠገብ ከጠፍጣፋ የኖራ ድንጋይ የተሠሩ ጥሩሮች ተገኙ። እያንዳንዱ ቁራጭ ተሞርዶ፣ ጠርዙ ላይ ተበስቶ፣ በመዳብ ሽቦ ከጎረቤቱ ጋር ታስሯል። ለአንዱ ጥሩር 600 ያህል ቁራጭ ገብቶበታል፤ 18 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ድንጋዩ አንድ ምት ሲያርፍበት ስለሚሰበር የተሠራው ለሙታን እንጂ ለውጊያ አይደለም።

«የጎልያድ ዘመን ሆነብኝ» ያሉት ግን እርስዎን የሚረዳ ነገር ነው። መጽሐፈ ሳሙኤል ጎልያድ «ጥሩር» ለብሶ ነበር ይላል። ዕብራይስጡን ቢያዩ ቃሉ «ባለ ቅርፊት ጥሩር» ነው፤ ይህም ቅርፊት በኦሪት ዘሌዋውያን የሚበላውን ዓሣ ከማይበላው የሚለየው ያው የዓሣ ቅርፊት ነው። የቻይናውም አሠራር ከዚያ አይርቅም፦ ትናንሽ ቁራጮች ተደራርበው ይታሰራሉ። ቁራጮቹን «ቅርፊት» ቢሏቸው ደስ ይለኛል። በሶንግ ዘመን በ1134 የወጣ ደንብ ለአንድ እግረኛ ጥሩር 1,825 ቅርፊት ይቆጥራል። «ጂያ» ራሱም ዛሬ የኤሊ ድንጋይና የጣት ጥፍር ስም ውስጥ አለ። ብረት ለበስ መኪናም በዚሁ ቃል ይጠራል።

አንድ ወጥመድ ላስጠንቅቅዎ። ቻይናውያን ጦርነት አቁሞ እርሻው ስለተመለሰ ወታደር ሲናገሩ «ጂያውን ፈታ» ይላሉ። እዚህ ቦታ «ጥሩሩን አወለቀ» ካሉ አንባቢ ሊታጠብ ነው ብሎ ያስባል። እኛ «ትጥቁን ፈታ» የሚል አለን። እነሱ ከጥሩር ተነሡ፣ እኛ ከመታጠቅ፤ መፍታቱ ላይ ተገናኘን።

ስለዚህ «ወታደሩ ጥሩር ለብሶ ቆሟል» ብለው ይጻፉ። «ራስ ቁር ደፍቶ» የሚል እንዳያክሉበት ብቻ። የሸክላዎቹን ወታደሮች ፎቶ ልብ ብለው ይዩ፤ ጸጉራቸውን አናታቸው ላይ ቋጥረዋል ወይም ቆብ አድርገዋል እንጂ ቁር የደፋ የለም።