ስልክ ራስ ያማል ወይ ላልሽው የኮምቦልቻዋ እህቴ

«ስልክ ሳወራ ራሴን ይፈልጠኛል፤ ጨረሩ አንጎሌን እየጎዳው ይሆን? የጨረር መከላከያ ስቲከር ልግዛ?» ላልሽው እህቴ፦ አብሽሪ። ይሄ ሁሉ በእኔ ደርሷል፤ ትንሽ ላስረዝምብሽ ነው።

1. ስቲከሩን አትግዢ። እኔ ደሴ የጭነት ደላላ ነኝ፤ ከጠዋት እስከ ማታ ስልክ ከጆሮዬ አይወርድም። ራሴን ሲፈልጠኝ ፒያሳ ከአንድ ሱቅ አራት ስቲከር በ2400 ብር ገዛሁ፤ ለእኔ፣ ለባለቤቴ፣ ለሁለቱ ልጆች። ሻጩ «99 ፐርሰንቱን ይመልሰዋል» አለኝ። እስኪ አስቢው፤ ጨረር የሚሉት ድምፅሽን ተሸክሞ ታወሩ ጋ የሚደርሰው ሞገድ ራሱ ነው። እሱ ከተመለሰ በምን ይወራል? አንቴናውን ከጋረደው ደግሞ ስልኩ ኔትወርክ ለማግኘት ኃይል ይጨምራል። ያ ብር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

2. ሰፈርሽ ያለውን ታወር አትፍሪው። ስልክ አብዝቶ የሚረጨው ታወሩ ሲርቀው ነው። እኔ የሐረጎን ቁልቁለት ስወርድ ኔትወርኩ አንድ መስመር ከሆነ አልደውልም። በቀረው ጊዜ ኢርፎን አደርጋለሁ፤ ከጭንቅላት ትንሽ ሲርቅ እንኳ የሚገባው በብዙ ይቀንሳል። *#07# ብትነኪ ብዙ ስልኮች ሰውነትሽ ከነሱ የሚቀበለውን የጨረር መጠን ያሳዩሻል። አውሮፓ ለጭንቅላት የሚፈቀደው በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት እስከ 2 ዋት ነው።

3. አንጎልን ስለሚባለው። በፈረንጆቹ 2011 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ተቋም የስልክን ጨረር «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» ከሚላቸው ነገሮች ጋር መደበው። እኔም ይህን ሰምቼ ነው እንቅልፍ ያጣሁት። በዚያው ዓመት አሜሪካ 47 ሰዎች ጆሮ ላይ ስልክ ለ50 ደቂቃ ክፍት ተደርጎ ሲታይ፣ ከአንቴናው አጠገብ ያለው የአንጎል ክፍል የስኳር ፍጆታው 7 ፐርሰንት ያህል ጨመረ። ጉዳት ነው ግን አላሉም። በ2024 ድርጅቱ ራሱ ያስጠናው፣ 63 ጥናቶችን ያየ ግምገማ ደግሞ ከአንጎል ካንሰር ጋር ግንኙነት አላገኘም። ሞገዱ እንደ ራጅ ዘረመል የሚሰብር ጉልበት የለውም።

እኔን የጎዳኝ ሰባት ወር ሙሉ ስልክ ስልክ ማለቴ ነው። አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ካርድ ከፍዬ፣ ሁለት ሰዓት ተሰልፌ ገባሁ። ሰውዬው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ስልክ ቀንስ» ብሎ ማስታገሻ ጻፈልኝ። ክንዴን አልነካኝም! ለካ ግፊት ኖሮብኛል። ያወቅሁት የባለቤቴ እህት፣ ነርስ ናት፣ ቤታችን ቡና ልትጠጣ መጥታ ስትለካኝ ነው። ቁጥሩን አይታ ዝም አለች። ስኒዋን አስቀመጠች፤ በሌላኛው ክንዴ ደገመችው። 178 በ112። ዛሬ መድኃኒቴን በሰዓቱ እወስዳለሁ። ስልኬ እንደ ድሮው ቀኑን ሙሉ ይጮሃል፤ ራሴን ግን አያመኝም።

የአንቺም እሱ ነው ብዬ ነው የፈራሁት። ነገ ጠዋት ቡና ሳትጠጪ ሂጂ፤ አምስት ደቂቃ አረፍ ብለሽ በሁለቱም ክንድ ይለኩሽ። ሳይለኩ መድኃኒት ሊጽፉልሽ ቢሉ ከወንበሩ አትነሺ። ቁጥሩን እዚሁ ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።