ሐረጎን ለምትወርድ የድሮ ቮልስ፣ ቅድሚያ ለዲስክ ወይስ ለማስተር?

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. የ1964 ሞዴል ቮልስ 1200 አለችኝ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ፣ ሐረጎን ልጨርስ ስል ፔዳሉ እየላላ ወለል ይነካል። ቆሜ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። መካኒኬ የፊቱን ፍሬን ወደ ዲስክ እንቀይረው ይላል። ይበጀኛል? (ከደሴ)

መልስ፦ ዲስኩ ይቆይዎት። የነገሩን ምልክት የሚያሳየው የፍሬን ዘይቱ መፍላቱን ነው። የጋለው ሸራው (እየተፋተገ ጎማውን የሚያቆመው) ብቻ ቢሆን ፔዳሉ ጠጥሮ መኪናዋ አልቆም ትል ነበር። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፤ አዲስ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፣ እርጥበት ሲጠጣ ግን ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ሲፈላ የሚፈጠረው እንፋሎት ስለሚጨመቅ እግርዎ የሚረግጠው እሱን ነው፤ ሸራው አይገፋም።

ከዚህ የባሰ አደጋ አለብዎት። መኪናዎ ለአራቱም ጎማ ያላት አንድ መስመር ብቻ ስለሆነ አንድ ቱቦ ቢፈነዳ አራቱም ፍሬን አልባ ይቀራሉ። ስለዚህ ገንዘብዎን መጀመሪያ ባለሁለት መስመር ማስተር (ፔዳሉን ሲረግጡ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው ሲሊንደር) ላይ ያውሉ፤ ለታምቡር ፍሬን (ሸራው ከውስጥ ወደ ውጭ ለሚገፋበት፣ ለእርስዎ ዓይነት) የተሠራውን፣ የውስጡ ስፋት 19.05 ሚሊ ሜትር የሆነውን፣ ባለሁለት ክፍል የዘይት ዕቃ ካለው ጋር። የፊትና የኋላ መስመር ይለያያሉ፤ አንዱ ቢፈስ ሌላው ያቆምዎታል።

እዚህ ላይ ብዙ ጋራዥ የሚሳሳትበት ነገር አለ። የቶዮታ ቱቦ ነት ጥርሱ (ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር፣ በጥርሶቹ መካከል 1 ሚሊ ሜትር) ቮልስ ላይ ይገባል። የቱቦው ጫፍ ግን ይለያል፦ የቮልሱ ድቡልቡል ሆኖ ያበጠ ነው፣ የቶዮታው ወደ ውስጥ የታጠፈ። ነቱ ጥሩ አድርጎ ይጠብቃል፣ ጠንከር አድርገው ሲረግጡ ግን ያፈሳል። ጫፉን በትክክለኛው መሣሪያ የቮልሱን ቅርጽ ያስይዙት።

አራቱንም ከጎማ የተሠሩ ተጣጣፊ የፍሬን ቱቦዎች አብረው ይቀይሩ። ጎማዎቹ ጋ ያሉትን የፍሬን ሲሊንደሮች በፍሬን ዘይት ወይም በአልኮል እንጂ በቤንዚን አይጠቡ፤ ቤንዚን የውስጡን ጎሚኒ ያሳብጠዋል። በፔዳሉ ዘንግና በማስተሩ ፒስተን መካከል 1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዉ፣ ካልሆነ ዘይቱ አይመለስም፣ ፍሬኑም ይዞ ይቀራል። አየር ሲያስወጡ ከቀኝ ኋላ ይጀምሩ፣ ከዚያ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ በመጨረሻ ግራ ፊት። አንድ ሊትር አዲስ ዶት 4 ይያዙ፤ የወጣውን መልሰው አይጨምሩ። የሸራውን ማስተካከያ ጎማው እስኪቆም አጥብቀው ከ3 እስከ 4 ጥርስ ይመልሱ።

ይህ ሁሉ ተሠርቶም ዲስክ ከፈለጉ፣ የእርስዎ ሞዴል የፊት እግር ከ1966 ሞዴል ጀምሮ ከመጣው ስለሚለይ ለእሱ የተሠራውን ይጠይቁ። የፋብሪካው ዲስክ የመጣው ባለ 4 ቡሎን ቸርኬ ይዞ ነው፤ የእርስዎ ግን ባለ 5 ነው። ለታምቡር የተሠራ ማስተር ውስጥ ትንሽ ግፊት አስቀርቶ የሚይዝ ቫልቭ ስላለ ከዲስኩ መስመር ላይ መውጣት አለበት።

እስከዚያው ሐረጎን በሁለተኛ ማርሽ ይውረዱ። ማርሹን ፍሪ አድርገው አይልቀቁት።

ጥያቄ፦ ፔጆ 404 አለኝ፤ ፔዳሉን ለቅቄም አንዱ የፊት ጎማ ፍሬን ይይዛል። (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ሲይዝ ጎማውን በክሪክ ያንሱና ማስተሩ ላይ ያለውን የቱቦ ነት ያላሉ። ጎማው ከተለቀቀ ችግሩ ማስተሩ ወይም የፔዳል ክፍተቱ ነው። ካልተለቀቀ ጎማው ጋ ያለውን የአየር ማስወጫ ይክፈቱ፤ ያኔ ከለቀቀ ከጎማ የተሠራው የፍሬን ቱቦ ውስጡ አብጦ ዘይቱን እየያዘ ነውና ይቀይሩት። አሁንም ካልለቀቀ ፒስተኑ ዝጎ ተጣብቋል።